በተራራው ሆድ ውስጥ

ልጄ በጣልያንኛ ስታናግረኝ ነው አደጋ መኖሩ የገባኝ።

ይህ የሆነው በዘንድሮው የብርድ ወራት፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ወይም ትራም ስጠብቅ ድንገት ትዝ ይለኝና እደነግጣለሁ። ወዲያው ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ያየኝ ሰው አበደች ሳይል አይቀርም። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ስጽፍም እንደማወራው ነውና እንደ ወሬ አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ሮማ ላይ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እረፍታችን ነው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ከጓደኛዬ ከአስካለ ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። አስካለ የአሠሪዋን ውሻ አመል እያወራችልኝ በሳቅ ልትገድለኝ ነው። ስልኬ ጮኸ። ሰላም ናት፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ።

«ማማ፣ ቱቶ ቤኔ» አለችኝ። ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው። መንገዱን በረዶ ዘግቶታል፣ ትንሽ ቆይተን ነው የምንመጣው፣ እንዳታስቢ አለችኝ። ይህን ሁሉ በጣልያንኛ።

ሰላም ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው። በጣልያንኛ የምታናግረኝ ስትፈራ ብቻ ነው። ሮማ ላይ ስደተኞች ተሰብስበን ከምንኖርበት ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ ፖሊስ ያስወጣን ጠዋት ገና ልጅ ነበረች። እጄን ጨብጣ ፖሊሶቹንም እኔንም በጣልያንኛ ብቻ ነበር የምታናግረው። አማርኛዋ የተመለሰላት ማደሪያ ካገኘን በኋላ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

«ማ ኖ፣ ማማ!» አለችኝ፤ ኧረ በፍጹም ማለቷ ነው። ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁት። በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ቀስ እያለ የሚወጣ ትንፋሽ ነው። የወለደች ሴት ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች።

ሰላም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። በእኛ አገር ወግ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ስለዚህ ወሯ ሲቃረብ ሮማ መጥታ እኔ ዘንድ እንድትወልድ፣ እኔም እንዳርሳት ተስማምተን ነበር። የገንፎ ዱቄቱ ተፈጭቶ መጥቷል። ቅቤው ከነቅመሙ ተቀምጧል። ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለችው ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋዬን ለእሷ ለቅቄ እኔ መሬት ልተኛ ፍራሽ አዘጋጅቻለሁ። የቀረው ሰላም ከነሆዷ ከባቡር መውረዷ ብቻ ነበር። የምትመጣውም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር።

አሁን ያለችበትን አገር ልንገራችሁ። ከሮማ ወደ ሰሜን፣ ጣልያን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት። ስሟ ለአፌ ስለማይመች እኔ «ላይኛዋ» ነው የምላት። ድሮ ግድብ ሲሠራ፣ ለግድቡ ሠራተኞች ብለው ከምንም ተነስተው የሠሯት ናት። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቢጫ፣ በሰልፍ የቆሙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ሰው ነው የሌላት። ግድቡ ሲያልቅ ሠራተኛው ሁሉ ተበትኖ፣ አሁን የሚኖሩት ግድቡንና መብራት ማመንጫውን የሚጠብቁ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ሰላም ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስላለች። ባሏ ማርኮ የዚያው አገር ጣልያናዊ ነው፤ ግድቡ ላይ ይሠራል። ዝምተኛ፣ ደግ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ በበጋ ሄጄ አይቻት «ይቺ እግዜር ቁልፏን የጣለባት ቀበሌ ናት» ብዬ ሰላምን አስቄያታለሁ።

ስልኩን ስዘጋ አስካለ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

«ምን ሆንሽ ዘነቡ?»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት።»

«እሷ ነግራሽ ነው?»

«አልነገረችኝም። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፣ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ። እሄዳለሁ።»

«ወዴት? መንገዱ ተዘግቷል እያልሽ! ደግሞስ አንቺ? ተርሚኒ ጣቢያ ውስጥ ባቡሩ የሚቆምበትን ቢናሪዮ የሚያሳይሽ ሰው የምትለምኚ ሴትዮ ነሽ ተራራ የምትወጪው?»

«እጠፋለሁ እንጂ አልቀርም» አልኳት።

አስካለ እንደዚህ ናት፤ ስትሳደብ ነው የምትረዳው። ትኬቱን በስልኳ ቆረጠችልኝ። ባቡር የምቀይርባቸውን ጣቢያዎች ስም በወረቀት ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፈችልኝ። «ጣልያንኛ ፊደል ስታዪ ስለምትደነግጪ ነው» አለችኝ። የማስታምማቸው አሮጊት ሴትዮ ልጅም ስደውልላት መጀመሪያ «አሁን ነው የምትነግሪኝ?» ብላ ተቆጣች። ልጄ ልትወልድ ነው ስላት ግን «ቫ ቤኔ፣ ቫይ» አለችኝ። ሂጂ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ነጠላዬን፣ የሰንበቴ ጓደኞቼ የሰጡኝን ትንሽ የጠበል ጠርሙስና አንድ ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባቡር ገባሁ። መምጣቴን ልነግረው ማርኮ ጋ ስደውል ስልኩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። የሠራ ጊዜ የነገረኝ ይህ ነው፦ የበረዶ ናዳ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሄሊኮፕተር ጠይቀዋል፤ ግን ጉሙ ካልገፈፈ አይነሳም። ሰላም ትንሽ ቁርጠት አላት፣ ሐኪሙ በስልክ ገና ነው ብሏታል።

ገና ነው! መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ። ምን ሆንሽ ብለውም አልጠየቁኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከትልቁ ባቡር ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ አውቶቡስ ተቀያየርኩ። የአስካለ ወረቀት በእጄ ላብ ራሰ። አውቶቡሱ ሸለቆው መጨረሻ ላይ፣ መብራት ማመንጫው በር አወረደኝ። ከዚያ በላይ መንገድ የለም። ቀና ብዬ ተራራውን አየሁት። በረዶና ጉም ነው። ልጄ እዚያ ላይ ናት፣ እኔ እዚህ ታች ነኝ።

በበጋው ስመጣ ማርኮ ያሳየኝ አንድ ነገር ነበር። ከታችኛው ማመንጫ እስከ ላይኛዋ ከተማ በተራራው ውስጥ ለውስጥ ዋሻ ተቆፍሯል። በዋሻው ውስጥ ሐዲድ አለ። በሐዲዱ ላይ ሠራተኛና ዕቃ የምታመላልስ አንዲት ፉርጎ በገመድ እየተሳበች ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። እንኳን ልሳፈርባት፣ ቆሜ ሳያት ያዞረኝ ነበር። አሁን ግን የፈለግሁት እሷን ነው።

በሩ ላይ አለቃቸው ቆሟል፤ ሁሉም ካፖ ይሉታል። ረጅም፣ ጢማም፣ ቢጫ ቆብ ያደረገ ሰው ነው። ባለችኝ ጣልያንኛ ነገርኩት። ልጄ ላይ ናት፣ ልትወልድ ነው፣ አሳፍረኝ።

«ሲኞራ፣ አይቻልም። ፉርጎዋ ለሠራተኛ ብቻ ናት። ለእንግዳ ኢንሹራንስ የለንም፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ ራሴ እጠየቃለሁ።»

«ሲኞራ፣ እርስዎ ከሞቱ ማንም አይጠይቅዎትም» አለ ከኋላው የቆመ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ። ፉርጎዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ ቤፔ ይባላል። ካፖው ገላመጠው።

ሁለተኛ ለመንኩ፤ አይቻልም አለኝ። ሦስተኛ ለመንኩ። ሄሊኮፕተሩን ጠብቂ አለኝ። የማውቃት ጣልያንኛ አለቀች። ያኔ ምን እንደማደርግ ሳላስበው፣ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወገቤን ታጠቅሁና እግሩ ላይ ወደቅሁ። በረዶው ላይ ተደፍቼ ሁለት ጫማዎቹን አቀፍኳቸው። «በማርያም! በማርያም!» እላለሁ በአማርኛ።

ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። «ኖ ኖ ኖ! ሲኞራ!» እያለ ጮኸ። ሠራተኞቹ ወጥተው ያያሉ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጎንበስ አለና ሁለት ክንዴን ይዞ ብድግ አደረገኝ።

በእኛ አገር ሰው እግር ላይ ወድቀሽ ስትለምኚ፣ የተለመነው ሰው ካነሳሽ እሺ አለ ማለት ነው። አለበለዚያ አያነሳሽም፤ ጥሎሽ ይሄዳል። እኔ ሌላ አላውቅም። ብድግ ሲያደርገኝ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ትከሻውን ሳምኩት፣ «እግዜር ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ» አልኩት፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ቀጥ ብዬ ፉርጎዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ካፖው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ሲኞራ፣ ማን ፈቀደልሽ?»

«አንተ!» አልኩት። ተገርሜ ነው። «አሁን አነሳኸኝ አይደል?»

እሱ አልገባውም፣ እኔ ደግሞ እሱ ያልገባው ነገር አልገባኝም። ቤፔ ግን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ካፖ፣ ሴትዮዋ ገብታለች። አሁን እሷን ማውረድ ከናዳው ይብሳል» አለ። ካፖው ሰማይ ሰማይ አየ፣ ጢሙን አሻሸ፣ መጨረሻ ላይ ከራሱ ላይ ቢጫውን ቆብ አውልቆ የእኔ ራስ ላይ ደፋው። «አሎራ፣ ሂዱ። እኔ አላየሁም» አለ።

ፉርጎዋ ስትነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዋሻው ይንጠባጠባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብረቱ ይንጫጫል። የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ቤፔ እንዳልፈራ ብሎ ዳቦ በሥጋ ከኪሱ አወጣልኝ። ጾም ነው አልኩት። «ዳቦው አይጾምም» አለኝና ሥጋውን አውጥቶ በልቶ ዳቦውን ሰጠኝ። አልበላሁትም፤ ግን ሳቅሁ። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ላይ ስንደርስ ቢጫዎቹ ቤቶች እስከ መስኮታቸው በበረዶ ተቀብረዋል። ማርኮ ጠባብ መንገድ ጠርጎ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማማ?» አለ። ወገቤ ላይ ነጠላ፣ ራሴ ላይ የሠራተኛ ቆብ ነው።

ሰላም ወጥ ቤት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ» አለች በአማርኛ። «ፈራሁ።»

«መጥቻለሁ» አልኳት። ፊቷን ስይዘው ላቧ በረዶ ሆኗል። መቼ ጀመረሽ ስላት ከትናንት ወዲያ ነው አለችኝ። ባሏንም ትንሽ ቁርጠት ነው እያለች ደብቃዋለች፤ መንገድ በሌለበት ሁለታችንም ብንጨነቅ ምን ይጠቅማል ብላ። እሱን እየነገረችኝ እያለ እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ማርኮን «ምን ትጠብቃለህ? ደውል!» ብዬ ጮኽኩበት። ለካፖው ደወለ። ነፍሰ ጡር በፉርጎ አይቻልም የሚል ሕግ እንደነበር ከዚያ በፊት ነግረውታል። አሁን ግን ካፖው «አውርዷት፣ አምቡላንስ ከታች አስጠራለሁ» አለ። ፉርጎዋ ውስጥ ፍራሽ አነጠፍን፣ ብርድ ልብስ ደራረብን፣ ሰላምን ተሸክመን አስገባናት። ማርኮ ከኋላዋ ተቀምጦ ደረቱ ላይ አስደገፋት። እኔ ከፊቷ ተንበረከኩ። ቤፔ መንዳት ጀመረ።

መንገዱን ከግማሽ በላይ የወረድን ይመስለኛል፤ መብራቱ እልም አለ። ፉርጎዋ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨችና ቆመች።

እስቲ ይታያችሁ፤ ይህ አገር እኮ ውሃ ገድቦ ለስንቱ ከተማ መብራት የሚልክ አገር ነው! ለራሱ መብራት ጠፋበት። ከላይ በረዶው አንዱን ምሰሶ ጥሎታል፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ቤፔ በባትሪው ፍሬኑን አየ። «አትፍሩ፣ ኃይል ሲጠፋ ራሷ ነክሳ ትይዛለች፤ አትወድቅም» አለ። ግድግዳው ላይ ያለችውን ስልክ አነሳት፤ አትሠራም። የእኛ ስልኮችም አይሠሩም። ከሐዲዱ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለ። ሽማግሌው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ባትሪውን ይዞ እርዳታ ሊጠራ ወረደ። መብራቱ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ቀረን ሦስታችን፣ አንዲት የስልክ መብራት ይዘን፣ በተራራው ሆድ ውስጥ።

ፈርቼ አውቃለሁ። በረሃ ሳቋርጥ ፈርቻለሁ፣ ባሕር ላይ ፈርቻለሁ። እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም። እኔ አዋላጅ አይደለሁም። ወልጄ አውቃለሁ እንጂ አዋልጄ አላውቅም። ልጄ እጄን ይዛ ስትጮህ ጩኸቷ ዋሻውን ዞሮ ይመለሳል።

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ሰላምን ስወልድ ጎረቤት ሴቶች ቤቱን ሞልተውት ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ስታምጥ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይጠራሉ። ያ ድምፅ ነው ጉልበት የሚሰጥሽ። ብቻሽን አይደለሽም ይልሻል። ልጄ ግን ማንም የላትም። እኔና አንድ አማርኛ የማያውቅ ጣልያናዊ ብቻ ነን። ሮማ ላይ ቢሆን አስካለና ሌሎቹ ደረጃውን ሁሉ ሞልተው ይጠሩላት ነበር።

ቢሆንም ጠራሁ። ምን ላድርግ? «ማርያም! ማርያም!» አልኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ወጣ።

ዋሻው መለሰ። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ከዚያ ከጎን፦ ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም። አንድ ጊዜ የጠራሁት ብዙ ሴት ሆኖ ተመለሰ። ሰላም ዓይኗን ገለጠች። ማርኮም ሰማው። ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው፣ ያ ዝምተኛ ልጅ «ማሪያም! ማሪያም!» ብሎ በወፍራም ድምፁ ተቀበለኝ። ዋሻው የእሱንም ያዘና ከእኔ ጋር ቀላቀለው። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይቀበላል፣ ተራራው ይደግማል። ከአንድ ሰፈር የተሰበሰበ ሰው እንጂ ሁለት ሰው አይመስልም ነበር።

«እማዬ፣ ብዙ ናቸው» አለች ሰላም። ያን ጊዜ በአማርኛ ነበር። ቀልቧን ስታ ይሁን እየቀለደችብኝ እስካሁን አልጠየቅኳትም።

«አዎ፣ ብዙ ነን። ግፊ የኔ ልጅ! ግፊ!»

«አልችልም!»

«ትችያለሽ! እኔም ያኔ አልችልም ብዬ ነበር፤ ይኸው አለሽ!»

ገፋች። ጮኸች። ማርኮ እያለቀሰ ማርያምን ይጠራል። የስልኩን መብራት በጥርሴ ይዣለሁ። ከዚያ የሕፃኗ ራስ ወጣ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሁለመናዋ ሙልጭ ብላ እጄ ላይ ወደቀች። የሞቀች፣ የምታዳልጥ ነገር። ዝም አለች። ነጠላዬን ከወገቤ ፈትቼ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረግኳት፣ አፏን ጠረግኩላት። ማርያም፣ ዛሬ ካልሰማሽኝ መቼ ልትሰሚኝ ነው አልኩ በሆዴ።

አለቀሰች።

መብራቱ ከጥርሴ ወደቀ። እትብቷን አልነካሁትም፣ ለሐኪሞቹ ተውኩት፤ እንዳለች በነጠላ ጠቅልዬ እናቷ ደረት ላይ አደረግኳት፣ ብርድ ልብስ ደረብኩባቸው። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩና እልልታዬን ለቀቅኩት። በወጋችን ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ሴት ናት። ሦስት ብዬ ላቆም ነበር፣ አልቆም አለኝ። ለምን ሦስት? ሰባቱንም አልኩ፣ ከሰባትም በላይ አልኩ፣ ቆጠራው ጠፋኝ። ተራራው እልል እያለ ይመልስልኛል። እንደዚያ ያለ እልልታ አገሬም ሰምቼ አላውቅም።

እልልታዬ ሳያልቅ ከታች የባትሪ መብራቶች ታዩ። ሠራተኞቹ ቃሬዛ ይዘው ደረጃውን እየሮጡ ይወጣሉ፤ ካፖው ከፊት ነው። ቤፔ በኋላ እንደነገረኝ፣ የእኔን እልልታ ሲሰሙ ሰዎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አንድ ሰው ሞቶ የሚለቀስ መስሏቸው ነበር። ካፖው ቆቡን ሊያወልቅ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ቆቡ እኔ ዘንድ ነው። ቤፔ ግን «የለም፣ ይሄ የለቅሶ ድምፅ አይደለም። ለቅሶ እንዲህ አይዘፍንም» ብሎ አስሮጣቸው።

ካፖው ደርሶ ባትሪውን ወደ እኛ አበራ። ሕፃኗን አየ። ግዙፉ ሰውዬ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና «ማዶና ሚያ» አለ። እሱም በራሱ ቋንቋ ማርያምን መጥራቱ ነው። በዚያው መሃል መብራቱ ቦግ አለ። ሁላችንም ጮኽን። ፉርጎዋ ነቃ አለችና ቀስ እያለች ወረደች።

ታች አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አዋላጇ ወጣት ልጅ ናት፤ ሕፃኗን አየች፣ እናቷን አየች፣ እትብቱን ቆረጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ብራቫ፣ ኖና» አለችኝ። አያት መሆኔን የሰማሁት ከእሷ አፍ ነው። እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም ነበር።

ኦስፔዳሌ፣ ሆስፒታል ማለት ነው፣ ጥቂት ቀን ቆየን። ካፖው አበባ ይዞ ሊጠይቀን መጣ። ሰላም እግሩ ላይ ስወድቅ ስላነሳኝ ነገር በጣልያንኛ አስረዳችው፤ ማንሳት ማለት እሺ ማለት መሆኑን። ሰውየው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔኮ ልብሷ እንዳይርስ ብዬ ነበር ያነሳኋት!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጄን ያዘና «ሲኞራ፣ እንኳን አነሳሁሽ» አለኝ። ቆቡን ልመልስለት ስል አልቀበልም አለ።

ሐኪሞቹ መንገድ ትችላላችሁ ሲሉን አራታችን ባቡር ተሳፈርን። ማርኮ ሻንጣውን፣ ሰላም ትራሷን፣ እኔ ልጅቷን ይዘናል። ባቡሩ ሮማ ሊገባ ሲል እኔ ተነስቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ ማረፍ አልቻልኩም። ተርሚኒ ስንደርስ አስካለ ቢናሪዮው ጫፍ ላይ ሴቶቹን ሰብስባ ቆማለች። ገና ከሩቅ ስታየን እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ፖሊሱም ያያል፤ ይይ! አንድ ፈረንጅ ሴትዮ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አጨበጨበች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይሏታል ሰላምን እየተቀባበሉ እየሳሙ።

«ማርያም ታኑራችሁ!» ትላለች ልጄ። ቋንቋዋ ሁሉ አማርኛ ሆኗል።

አስካለ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሳትጠፊ መጣሽ?» አለችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አሁን ይህን ስጽፍ ሰላም አልጋዬ ላይ ተኝታለች። ማርኮ ገንፎ ማገንፋት እያስተማርኩት ነው፤ ክንዱ ብርቱ ስለሆነ ጓጎላ አይተውበትም። ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ናት፣ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ሰው «ያን ሁሉ እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። አልቻልኩትም፤ ፈርቼ ነው ያደረግሁት። እየፈሩ መሄድ እንደሚቻል ግን አውቄያለሁ፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ቤታችን ገብተናል። ልጄ ደህና ናት፣ የልጅ ልጄም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።